በጆሮና በዳኛው መካከል

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዝናቡ ገባ። የምንሠራበት ኮንቴይነር ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔና የማሽኑን ሽቦ የምትበይደው በያጇ ቀኑን ሙሉ በእጅ ምልክት ስንግባባ ዋልን። ሳይረኑ ዛሬም ጮኸ፣ ዛሬም በውሸት። ካባው ውስጥ ድንጋይ የሚፈልጡት ሠራተኞች መዶሻቸውን እየጣሉ ሮጡ፣ ገልባጭ መኪኖቹ ባሉበት ቆሙ፣ ተራራው ግን ንቅንቅ አላለም።

ወንድሜ ማታ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ "እትዬ፣ ማሽንሽ ዛሬም አስሮጠችን። በዚህ ከቀጠለች ድንጋይ መጫኑን ትተን ሩጫ እንወዳደራለን" አለኝ። ሳቅኩለት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ስጽፈው ይጠራልኛል። ከካባው በላይ ያለው ገደል ውስጥ ሴንሰሮች ቀብረናል። ሰው የማይሰማውን ይሰማሉ፤ ድንጋይ ከመሰንጠቁ በፊት ውስጥ ውስጡን ሲንቋቋ ማለት ነው። ያንን ድምፅ የሚቀበለው ፕሮሰሰር በያጇ "ጆሮ" ያለችው ነው። ጆሮ ጫጫታውን ያጣራና የቀረውን በጥቅል በጥቅል ያደርጋል። ሁለተኛውን ፕሮሰሰር "ዳኛ" አለችው፤ ጥቅሎቹን መርምሮ ሳይረኑ ይጩህ አይጩህ የሚፈርደው እሱ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። መሃላቸው ሆስት የምንለው ዋናው ኮምፒውተር አለ። ጆሮ ጥቅሉን አንዲት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሆስቱ ከሣጥኗ አንስቶ ለዳኛው ያደርሳል። ሣጥኗ አንድ ብቻ ናት። ችግሩም እሷው ናት።

ተራራው ዝም ሲል ሁሉም ሰላም ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ድምፁ ይበዛል፣ ጥቅሉ ይረዝማል፣ ጆሮ ይጣደፋል። ሆስቱ የመጀመሪያውን ጥቅል ግማሹን እንኳ አንስቶ ሳይጨርስ ጆሮ አዲሱን ከላዩ ይጭንበታል። ዳኛው ጋ የሚደርሰው ራሱ የአንዱ፣ ጅራቱ የሌላው የሆነ ጉድ ነው። እንዲህ ያለ ጉድ ሲያይ ተራራው የተናደ ይመስለውና ይጮሃል።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ" አለችኝ በያጇ ኬብሏን እየጠቀለለች። እሷ ምን አለባት፣ ቀልዷን ትቀልዳለች። ዳኛው ሲሳሳት የሚጠሩት እኔን ነው።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

እስካሁን ሁለቴ ጮኸ። አለቃችን ስልኩን እንደያዘ ከቢሮው ሲወጣ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ይስተካከላል" ሲል ሰማሁት። ማን ነው የሚያስተካክለው? ማንም እንደነገረኝ ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ፣ ማታ

አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ አስቀምጦልኛል። ሻይ ሲያስቀምጥ ነገር አለው ማለት ነው።

"ዋናው መፍትሔ ምንድነው?" አለኝ።

"ሁለት ሣጥን ማድረግ ነው። ጆሮ አንዱን ሲሞላ ሆስቱ ሌላውን ያነሳል፤ አይነካኩም። ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሲጫን ደግሞ ማሽኑን ለግማሽ ቀን ማጥፋት ግድ ነው።"

"ማጥፋት የሚባል ነገር የለም" አለ።

ለምን እንደማይፈልግ ሁለታችንም እናውቃለን። ሕጉ ኮንቴይነሩ በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ ማሽኑ ከጠፋ ከገደሉ ሥር ሰው አይገባም፣ ሥራ ይቆማል። የካባው ባለቤቶች በሳይረኑ መዓት ሥራ በየቀኑ እየቆመባቸው ነው፣ አሁን ግማሽ ቀን አጥፉ ቢባሉ እኛን ነው የሚያጠፉን። "አንድ ተጨማሪ ውሸት ከሰሙ ነቅለው ይጥሉናል፣ ማሽኑን የምናስረክብበት ርክክብም ገደል ገባ" አለኝ።

ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። እያንዳንዱ ጥቅል መጨረሻው ላይ የራሱን ድምር ይዞ ይመጣል። ዳኛው ደምሮ ካልገጠመለት ጥቅሉ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ጊዜ ይወስዳል ብለን አናስደምረውም ነበር። "የተበላሸውን ይጣለው። ደህና ጥቅል እስኪመጣ ድረስ የመጨረሻውን ደህና ጥቅል ይዞ ይቆይ" አልኩት።

"መቼ ይደርሳል?"

"ዛሬውኑ።"

ሻዩን ሳልጨርስ ጻፍኩት። ጥቂት መስመር ነው። ከላዩ ላይ "ጊዜያዊ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ጊዜያዊ ነው።

ቅዳሜ

ከረቡዕ ጀምሮ ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም። ዝናቡ እንደሆነ አላባራም። አለቃችን በሰው ፊት "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ፎርማኑ ደግሞ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ "ይህቺ ማሽን አሁን ገና ሰው ሆነች" ሲል ሰማሁት። ደስ አለኝ፣ ምን አባቴ እላለሁ። ስንት ሳምንት ስሰደብ ከርሜ።

ማታ ወንድሜ መለሎን ይዞት መጣ። መለሎ እንደ ወንድሜ የገልባጭ ሾፌር ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ በዚህ ስም ካልጠሩት ዞሮ አያይም። እኛ ቤት በገባ ቁጥር የበሩን ጉበን በግንባሩ ይመታል፣ ከዚያ ጉበኑን ይቅርታ ይጠይቃል። እማዬ በዚህ ትስቃለች። ዛሬም መታ፣ ዛሬም ይቅርታ ጠየቀ።

"ኢንጂነሯ፣ ተራራው ምን አለሽ?" አለኝ ቁጭ ሲል።

"ለመለሎ ሰላም በይልኝ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይለፍ አለ።"

የበራችን ማጠፊያ መላቀቁን አይቶ እሠራዋለሁ አለ። ማንም አልጠየቀውም። እማዬ ለምን እንደምትወደው አይገባኝም። ሻይ ሁለቴ ቀዳሁለት፣ እንግዳ ስለሆነ ነው። ከወጣ በኋላ ወንድሜ ዓይኑን ወደ እኔ እያሾለከ ያፏጭ ነበር፤ ጥፊ አማረኝ።

እሑድ

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ዳኛው ስንት ጥቅል እንደሚጥል የሚቆጥር ነገር አላስገባሁም። ቸኩዬ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ ግን ምን እንዳፈሰስኩ እንኳ አላውቅም። ነገ አስገባለሁ።

ረቡዕ

ቆጣሪውን አላስገባሁም። ሥራ በዛ። የሁለቱን ሣጥን ኮድ ጀምሬያለሁ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ።

ሐሙስ

ዛሬም አላስገባሁም። በያጇ፣ "ማሽናችን እኮ ጨዋ ሆነች፤ እንዲህ ጨዋ የሆነ ነገር እኔን ያስፈራኛል" አለች። እሷ የምትፈራው ነገር አያልቅባትም።

አርብ፣ እቤት

አስገባሁት።

ጠዋት ፀሐይ ነበር። ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እኔም ራሴን "ይኸው፣ በከንቱ ነው የጨነቀሽ" እያልኩ ወረቀቶቼን ሳስተካክል ነበር። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ እንደጀመረ ቆጣሪው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከዚያ መሮጥ። ከሚመጣው ጥቅል አብዛኛውን እየጣለ ነው። ዝናቡ ሲብስ ከናካቴው አንድም ደህና ጥቅል አልደረሰውም። ዳኛው ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የያዘው ጥቅል ከዝናቡ በፊት የመጣውን ነው። ፀሐይ በነበረበት ሰዓት የተሰማውን የተራራ ድምፅ እያየ "ሰላም ነው፣ ሰላም ነው" ሲል ዋለ።

ላፕቶፔን በቀጥታ ጆሮው ላይ ሰካሁ። ጆሮ ይሰማል። ጆሮ ምንም አልሆነም። ተራራው ውስጡ ይንቋቋል፤ ባለፈው ወር በቀን አንዴ ሁለቴ ይሰማ የነበረው አሁን ዝናብ ላይ ይከታተላል። ይህ ሁሉ ሣጥኗ ጋ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ተራራው ዝም ሲል እንሰማዋለን፣ ሲጮህ ጆሯችንን እንደፍናለን። የደፈንኩት እኔ ነኝ። በጥቂት መስመር።

እማዬ፣ "ምነው ራትሽን አልበላሽ?" አለችኝ። አልራበኝም አልኳት።

ሰኞ

ለአለቃችን ነገርኩት። በሩን ዘግቼ፣ ስክሪኑን አሳይቼ፣ ሳልቸኩል።

"ዝናብ ነው። ዝናብ ድምፅ አለው" አለኝ።

"የዝናቡን ጆሮ ያጣራዋል። ይሄ የድንጋዩ ነው። ማሽኑን እናጥፋውና ሁለቱን ሣጥን ልጫን።"

"አልቋል?"

"አላለቀም። ግን እስኪያልቅ ሥራው ቢቆም..."

"እኔ እዚህ አገር ስኖር ይህ ተራራ የትም ሲሄድ አላየሁም" አለና ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ርክክቡ ደርሷል። ካለፈልን የክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ፣ ስምሽን አቅርቤያለሁ። አሁን አጥፉ ብንል የጨረስነውን ሥራ በገዛ እጃችን ማፍረስ ነው። ጻፊልኝ፣ ከርክክቡ በኋላ እናየዋለን።"

"እሺ ጌታዬ" አልኩ። እሺ ጌታዬ። ልጅ ሳለሁ አባቴ "ይህቺ ምላሷ ለመጋዝ ይሆናል" ይለኝ ነበር። የት ገባ ያ ምላስ።

ማክሰኞ

ለወንድሜ ልነግረው ነበር። ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግን የወንድሜ ሆድ ወሬ አያቆይም። ዛሬ ብነግረው ነገ ሾፌሩ በሙሉ ይሰማል፣ ሥራ ይቆማል፣ ማን ነገረህ ሲባል እህቴ ይላል። "ጃንጥላ ይዘህ ሂድ" አልኩት። ገልባጭ ውስጥ ጃንጥላ ምን ያደርግለታል። ሳቀብኝ።

ረቡዕ

ሁለቱ ሣጥን በመሞከሪያው ቦርድ ላይ ሠሩ። ሊያልቅ ነው። ጆሮ ሁለቱንም ሞልቶ ሆስቱ ሲዘገይ ብቻ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህችን ካገኘኋት በቃ። ጥቂት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ጥቂት ቀን ምን አላት።

ምሳ ሰዓት ላይ መለሎ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆመ፤ የወንድሜን ቁልፍ ሊሰጠኝ እንደመጣ ነገረኝ። ቁልፉን ወንድሜ ራሱ ማታ ይዞት መምጣት ይችል ነበር። በያጇ ወዲያው ውጭ ሥራ ተገኘላት፣ በዝናብ።

ቆሞ ካባውን አየ። ከእኛ መስኮት ቁልቁል ይታያል፣ ገልባጮቹ ተደርድረው ሲወርዱ። "ሰሞኑን ውኃው ከገደሉ ላይ ጭቃ ይዞ ይወርዳል" አለኝ። አልቀለደም። "ከሥር ሆነሽ ስታዪው ያስፈራል። እኔ ግን ማሽኗ ካልጮኸች ምን አለ እላለሁ። እሷን የሚጠብቃት ሰው አውቀዋለሁ እላለሁ።"

ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ተጠንቀቅ" አልኩት።

"አርብ እረፍቴ ነው። በሩን እመጣና እሠራላችኋለሁ፣ እማማ አይቸገሩ" ብሎ ሄደ። ሲወጣ የኮንቴይነሩን በርም መታው። ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ ሐሳብ ይዞት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፣ ስለ ሥራው ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ ቀን

ከንጋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ቆጣሪው አልቆመም። ጆሮ ላይ የሚሰማው ከትናንት እጥፍ ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አልሰማሁም።

አለቃችን የለም። ስልኩን አያነሳም።

ነገ ጠዋት ተረኛው ወንድሜ ነው።

ሐሙስ፣ ማታ

ከወንድሜ ቀድሜ እቤት ገባሁ። እማዬ ልብስ ታጥፋለች።

"እማዬ፣ ነገ ታመሚልኝ።"

"ምን?"

"ነገ ጠዋት አሞሻል። ወንድሜ ከቤት እንዳይወጣ ነው።"

እጇ ልብሱ ላይ ቀረ። "ነገ ምን አለ?"

"ምንም የለም።"

"ምንም ከሌለማ ለምን እታመማለሁ?"

ፊቴን ስታየኝ ቆየች፤ ልጅ ሆኜ ትኩሳቴን በእጇ ሳትነካ በዓይኗ የምትለካበት አስተያየት ነው። ከዚያ ሌላ ቃል ሳትጠይቀኝ ልብሱን ወደ ጎን አድርጋ ሄዳ ተኛች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ወንድሜ ሲገባ ማሳል ጀመረች። ትንሽ አበዛችው፤ መሃል ላይ የእውነት ትን አላትና ውኃ አመጣሁላት።

"ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አለ ወንድሜ፣ ደንግጦ።

"ሌሊቱን እንያት። ነገ አንተ አጠገቧ ሁን። እኔ መቅረት አልችልም፣ ማሽኑ አለብኝ።"

"ገልባጩን ባዶ ማቆም አልችልም እኮ፣ ፎርማኑ ይበላኛል። ሰው ልተካ።" ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ "ተገኘ" ብሎ ተመለሰ።

ማን እንደተገኘ አልጠየቅኩም። ሾፌር ሞልቷል።

አሁን ወንድሜ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እማዬ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ልቤ ትንሽ አርፏል። ሌላም ልጽፈው የነበረ ነገር ነበር፣ ጠፋብኝ።

አርብ፣ ጠዋት

ዝናብ። ዳኛው የያዘው ጥቅል የትናንት ነው።

ገልባጮቹ መውረድ ጀመሩ።

የወንድሜ ገልባጭ ወረደች። ከዚህ ሆኖ የሾፌር ፊት አይለይም። መሪው ላይ ጎበጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ረጅም ሾፌር ብዙ አለ።

የማሽኑ ማጥፊያ ከወንበሬ በስተግራ ነው። ባጠፋው ሁሉም ይወጣሉ። ለምን እንዳጠፋሁ ኋላ እናገራለሁ።

አለቃችን እየመጣ ነው። ሲሄድ አጠፋዋለሁ።

አልሄደም። እንግዶች ይዞ ነው የመጣው፣ ርክክቡን የሚፈርሙት ናቸው መሰለኝ። ስክሪኑን እያሳየ "ይኸው፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ ድምፅ የላትም" ይላቸዋል። ለእኔም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። ቆሜ መለስኩ። እነሱ ፊት እንዴት

ሊወጡ ነው። አሁን

ሐሙስ

ሳምንት ሊሆነው ነው። እጄ እሺ ሲለኝ ልጽፈው።

ገደሉ ሲወርድ እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ የሚያምነኝ የለም፤ እኔም አንዳንዴ አላምንም። እንግዶቹ በር ላይ ጫማቸውን ከጭቃ እየጠረጉ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። ሳይረኑ አልጮኸም። ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰላም ነው እንዳለ ነበር። ቀና ስል ከመስኮቱ መንገዱ የለም። ከፊት የነበረው ገልባጭ ሾፌር በመስታወቱ በኩል ወጣ፣ እግሩ ተሰብሯል እንጂ ይተርፋል። የወንድሜን ገልባጭ ያገኟት በማግስቱ ነው።

መለሎ ነበር። ስሙን ጽፌ ልየው ብዬ ነው። መለሎ ነበር። አውቅ ነበር። ሐሙስ ማታ ወንድሜ "ተገኘ" ሲል አርብ እረፍት ያለው ሾፌር ማን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ላለመጠየቅ ነው ያልጠየቅኩት። ከጠየቅኩ እሱንም ማስቀረት ነበረብኝ። እሱን ካስቀረሁ ሌላው ይገባል፣ ሌላውንም ካስቀረሁ የቀረው ሁሉን ማስቀረት ነው። ሁሉን ማስቀረት ደግሞ አንዲት ማጥፊያ መጫን ነበር።

እወደው ነበር። ይኸው።

ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ ከቤት በባዶ እግሩ ሮጦ ሄዶ ሁለት ቀን ሲቆፍር ነበር። ጓደኛውን ካወጡት በኋላ ጭቃ እንደለበሰ እቤት ገባ። እማዬ ምድጃው አጠገብ ቆማ ውኃ ታሞቅለታለች። መታመሟን ረስታው ነበር። በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት።

"ተሻለሽ?" አላት።

እማዬ እኔን አየች። ማየቷ በቃው።

"ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"ቀኑን አላውቅም። ተራራውን አውቅ ነበር።"

"እና ለእኔ ብቻ?"

የሞቀውን ውኃ ከምድጃው አውርጄ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

"ማሽኑን ማጥፋት አትችይም ነበር?"

"ማጥፊያው ከወንበሬ በስተግራ ነው" አልኩት። ለምን እንዲህ ብዬ እንደመለስኩለት አላውቅም። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ወንድሜ የሞቀውን ውኃ ሳይነካው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያድረው መለሎ ቤት ነው፣ ከእናቱ ጋር።

እማዬ ሌሊት ሌሊት ትጸልያለች። "እግዜር ነው ያናገረሽ፣ ልጄን ያተረፈልኝ" ትለኛለች ቀስ ብላ። ቀጥላ ደግሞ ታለቅሳለች። እንድታቆም ብነግራት የትኛውን እንደምታቆም ግራ ገባት፣ ጸሎቱን ይሁን ለቅሶውን።

ማክሰኞ

መርማሪዎች መጡ። አለቃችን ቀድሞ ገባና፣ "ማሽኑ አልጮኸም ማለት ተራራው አልጮኸም ማለት ነው። ድንገተኛ ነው" አላቸው። እኔን ሲጠሩኝ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። "ሁላችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን" አለኝ። ክንዴን አስለቀቅኩ።

ነገርኳቸው። ሣጥኗን፣ የጣልነውን ጥቅል፣ ጆሮ መስማቱን፣ ማጥፊያውን፣ "እሺ ጌታዬ" ማለቴን። በያጇም ከኋላዬ ገብታ የምታውቀውን ተናገረች። አለቃችን የዚያኑ ቀን ከሥራ ታገደ። እኔም ታገድኩ፤ ምን ያስቀርልኛል። ከቢሮው ስወጣ ግን አየር ማግኘት ሲገባኝ አላገኘሁም። አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። ስለ እማዬ ሕመም ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

ማታ ወንድሜ ደወለ። ስሜን ሳይጠራ፣ "ለመርማሪዎቹ እንደተናገርሽ ሰማሁ" አለኝ። "የቀረውን ለመለሎ እናት ንገሪያት። እኔ አልችልም። ዓይኗን እያየሁ መብላት አቃተኝ።"

ረቡዕ

ሄድኩ።

አንድ ክፍል ቤት ናት። አልጋው አጭር ሆኖበት እግር በኩል አግዳሚ ቀጥሎበት ነበር፤ አግዳሚው አሁንም እንደተቀጠለ ነው። እናቱ ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ስገባ ሲያየኝ ተነስቶ ወጣ። ለለቅሶ የተቀመጡት ሴቶችም ተከተሉት።

"የእሱ እህት ነሽ አይደል? ኢንጂነሯ" አሉኝ። ድምፃቸው ሰልሏል። "ቁጭ በይ፣ ልጄ። እናትሽ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?"

ቁጭ አላልኩም። ቁጭ ካልኩ የምናገር አልመሰለኝም። ቆሜ ነገርኳቸው። ማሽኑ እንዴት እንደደነቆረ፣ ማን እንዳደነቆረው፣ ማጥፋት ስችል እንዳላጠፋሁት። ከዚያ የመጨረሻውን። "እናቴ አልታመመችም ነበር፣ እማማ። ወንድሜን ለማስቀረት ያልኩት ነው። ውሸት ነው።"

እንዲጮሁብኝ ጠበቅኩ። እንዲረግሙኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ይጠቀልሉ ጀመር። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ልደግመው ስል አፋቸውን ከፈቱ።

"እኔ ደግሞ የዚያን ቀን የእውነት አሞኝ ነበር" አሉኝ። "የፊተኛውን ሌሊት ወገቤን ይዞኝ አላስተኛኝም። ማታ ስልኩ ሲደወል እረፍቴ ነው፣ እናቴም አሟታል፣ አልመጣም ሊል ነበር። ማነው አልኩት። ወንድምሽ መሆኑን ነገረኝ፣ እናቱ ታመውበት ነው አለኝ። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት። የሰው እናት ታማ እንዴት ትቀራለህ አልኩት።"